ከነነፍሱ የሚያመጣው ውሻ

ክረምት በገባ ቁጥር ጎረቤቶቼ የሚያሳድጉት ውሻ ዝናብ መትቶት ይመጣና ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ሥር ይራገፋል፣ ሽታውም ሦስት ፎቅ ወጥቶ በበሬ ሥር ይገባል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን የያዝኩትን ጭልፋ አስቀምጬ ወንበር እፈልጋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጉልበቴ ነው» እላለሁ። ጉልበቴም ደህና ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን የሚያስቀምጠኝ ያ የእርጥብ ውሻ ሽታ ነው፣ የጠመንጃ ዘይትና የቡና አበባ ሽታ አስከትሎ ይመጣብኛል። ይህን ነገር መናገር ለብዙ ዓመት ደከመኝ፤ ዝም ማለቱ ደግሞ የባሰ አደከመኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ቡና አገር፣ ሸቤ ነበር። አባቴ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር፣ ከሸዋ ተቀይሮ የመጣ፣ መርፌ ሲወጋ ልጅ የማያስለቅስ እጀ ቀላል ሰው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃውን ይዞ ከጎረቤታችን ከአባ ራያ ጋር ጅግራ አደን ይወጣ ነበር። አባ ራያ ቡናቸው ከእኛ አጥር የሚዋሰን፣ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ቁመታቸው ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ጠመንጃ አልነበራቸውም፣ ዓይን ነበራቸው፤ ጅግራዋ ገና ሣር ውስጥ ሳለች ያዩዋት ነበር። ሲያድኑ ግን አንድ ችግር ነበረባቸው። ወፏ ተመትታ ስትወድቅ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሶ ማረድ ያስፈልጋል፣ ካልተባረከች በክት ናት፣ እኛም አንበላት እነሱም አይበሏት። ሁለት ከተገኘ አንዷን አባቴ «በስመ አብ» ብሎ፣ ሌላይቱን አባ ራያ «ቢስሚላህ» ብለው ያርዱ ነበር፣ አንድ ብቻ ከሆነች ደግሞ ተራ ነበራቸው፣ በተራውም ተጣልተው አያውቁም። የሰፈሩ ውሾች ግን የወደቀችውን ወፍ አኝከው አኝከው፣ ሞታ ከቀዘቀዘች በኋላ ነበር የሚያመጧት።

«ድሬሰር፣ እኛ ለጥንብ አንሳ ነው እንዴ የምናድነው? ወላሂ፣ ሊመርቀን ይገባል!» ይሉ ነበር አባ ራያ።

አንድ የበጋ ቀን ሊሙ ገነት አካባቢ ቡና ተክል ላይ የሚሠራ ፈረንጅ አገሩ ሊመለስ ነው፣ ጥቁር ላብራዶር ውሻው ወልዳ ቡችሎቹን ያድላል የሚል ወሬ መጣ። አባቴ፣ አባ ራያ፣ ወንድሜ ሲሳይና እኔ የቡና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሲሳይ አሥራ ስድስት። ሰባት ቡችሎች እርስ በርስ ተደራርበው ተኝተው ነበር፣ የአባቴም ዓይን ወዲያው ትልቁ ላይ አረፈ። አባ ራያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። የውሻ ለሃጭ ከነካቸው ሰባት ጊዜ መታጠብ ስላለባቸው በከዘራቸው ርቀት ቆመው፣ «ሲሳይ፣ እስኪ ጣትህን አበድረኝ» አሉት። ሲሳይም ጣቱን በየተራ ለቡችሎቹ ሰጠ። ስድስቱ ነከሱት፣ ትልቁማ «ኧረ ጣቴ!» አሰኝቶ ደም አወጣ፣ ፈረንጁም ሳቀ። ሰባተኛው፣ የሁሉም ትንሹ፣ ጣቱን በአፉ ይዞ ሳይጨብጥ ዝም ብሎ ያየው ጀመር። «ኩን!» አሉ አባ ራያ፣ ይሄ ነው ማለታቸው ነበር። ስሙንም ጥቁር ስለሆነ ጉራቻ አሉት፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም ያወጣለት የለም።

ያን ክረምት ጉራቻ ጭቃ እያመጣ፣ እናቴ እያባረረች፣ እኔ በጓሮ እያስገባሁ አደገ። አባቴ አፉን ለስላሳ ለማድረግ በእንቁላል ነበር የሚያሠለጥነው፤ እንቁላሉን ሣር ውስጥ አስቀምጦ «አምጣ!» ይለዋል፣ ሲሰበር ይቆጣዋል፣ ሳይሰበር ሲመጣ ጉበት ይሰጠዋል። «ለልጆቼ የማላበላውን እንቁላል ለውሻ! ጉድ እኮ ነው!» እያለች እናቴ ትንጨረጨር ነበር፣ መስከረም ሲጠባ ግን ከዶሮዋ ሥር እንቁላል እየለቀመ የሚያመጣላት እሱ ሆነና ዝም አለች። ሁለተኛው ትምህርት የጠመንጃው ነበር። አባቴ ባዶውን ጠመንጃ አንድ ቀን ለሲሳይ፣ አንድ ቀን ለአባ ራያ እያስያዘ፣ ጉራቻ ያገኘውን ነገር ጠመንጃውን ለያዘው ሰው ብቻ እንዲሰጥ፣ ከሰደፉ አጠገብ ቁጭ ብሎ እስኪቀበሉት እንዲጠብቅ አስለመደው። «የአዳኝ ውሻ ጌታው ጠመንጃው ነው» ይል ነበር በኩራት።

እኔም የራሴን ትምህርት አስተማርኩት። ሲሳይ ግራጫ የሱፍ ኮፍያ ነበረችው፣ ተኝቶም አያወልቃትም። ጉራቻን «ኮፍያ አምጣ!» ስለው ሲሳይ ኳስ ሜዳ ይሁን ወንዝ ዳር አነፍንፎ ያገኘዋል፣ ዘሎም ይሁን ተለማምጦ ነጥቆት ይመጣል፣ ተኝቶ ካገኘውማ ሳይቀሰቅሰው ከራሱ ላይ ስቦ ያመጣልኝ ነበር። ሲሳይም «አንቺ ብርቄ፣ ዛሬ ገድዬሻለሁ!» እያለ ያባርረኝ ነበር። በዚያ ቤት ከዚያ በላይ የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ቡና ለቀማው አልፎ ሣሩ ሲደርቅ አደኑ ተጀመረ። ጉራቻ የመጀመሪያዋን ጅግራ ሲያመጣ እኔም ነበርኩ፤ ክንፏ ብቻ ተሰብሮ፣ ዓይኗ እየተቁለጨለጨ፣ በአፉ ውስጥ እንደ ታቀፈ ሕፃን ይዟት መጥቶ ከአባቴ ጠመንጃ ሥር ቁጭ አለ። ከነነፍሷ! አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አባ ራያም «ማሻ አላህ፣ ይሄ ውሻ ከሰው ይሻላል» ብለው በከዘራቸው ጫፍ ጀርባውን አከኩለት። በዚያ በጋና በሚቀጥለው ሁለቱም ቤት ጅግራ ሳይበላ ያለፈ ሳምንት ጥቂት ነው፣ አጥር ለአጥር ሆነን የእኛም የእነሱም ድስት አንድ ቀን ይጣድ ነበር።

ከዚያ ቀበሌው የአደን መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ አለ። አባቴ ከመውሰዱ በፊት ጠመንጃውን ፈታቶ፣ ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ ገጣጠመው፣ እናቴ ለምን እንደሚደክም ስትጠይቀው «ንጹሕ ዕቃ ነው የምሰጣቸው» አላት። ጠመንጃው ለአንድ የአብዮት ጥበቃ ተሰጠና በእሱ ትከሻ በሰፈራችን ይመላለስ ጀመር። ጉራቻ ጥበቃው ባለፈ ቁጥር ከተኛበት ተነሥቶ እየሮጠ ከሰደፉ ሥር ቁጭ ይል ነበር፣ መንገደኛው ይስቃል፣ አባቴ ግን አይቶ ወደ ቤት ይገባ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ማንኛውም ከሰዓት በኋላ ሆነ።

ብሔራዊ ውትድርናው ሲመጣ ሲሳይ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንድ ማለዳ አልጋው ባዶ ነበር፣ «አሰንዳቦ አክስትሽ ጋ ሄዷል» አሉኝ። እኔ ግን እናቴ በማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ከልብሱ ሥር እንጀራ ስትሸሽግ አይቻለሁ፣ አሰንዳቦ ደግሞ በሳፋ ስንቅ የሚላክበት አገር አይደለም። ጉራቻን ሲሳይን ተከትሎ እንዳያጋልጠው ጓሮ አሰሩት፣ ሦስት ቀን ሙሉም እያላዘነ ከረመ። እኔም ወንድሜ ናፍቆኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን እናቴ ገበያ፣ አባቴ ጤና ጣቢያ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ ቡናው በሙሉ ነጭ አብቦ ነበር፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ጉራቻን ፈታሁትና አንገቱን አቅፌ በጆሮው «ኮፍያ አምጣ» አልኩት። ሲሳይ አሰንዳቦ ከሆነ ባዶ አፉን ይመለሳል፣ ቅርብ ከሆነ ኮፍያዋን አሽትቼ መልሼ እልካታለሁ ብዬ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሐሳብ ነው፣ ምን ላድርገው።

እሱ እንደሄደ ያ ጥበቃ የአባቴን ጠመንጃ አንግቦ ከአንድ ጓደኛው ጋር ግቢያችን ገባ። ሲሳይ የት እንዳለ ጠየቁኝ፣ አሰንዳቦ አክስቴ ጋ አልኩ፣ ቤቱንም ፈትሸው ምንም አላገኙም። ሊወጡ በሩ ላይ ሲደርሱ ጉራቻ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ መጣ፣ ኮፍያዋ በአፉ። እጆቼን ዘርግቼ ጠበቅኩት። በእጆቼ መሃል አልፎ ሄዶ ከጠመንጃው ሰደፍ ሥር ቁጭ አለና አንገቱን ቀና አድርጎ ሰጠው።

ጥበቃው ኮፍያዋን ተቀበለ፣ ውስጧን በእጁ ዳበሰ፣ ገና ሙቀቷ አልወጣም ነበር። ከዚያ ጉራቻን አየው። እርጥብ ጥቁር ጀርባው ላይ ነጭ የቡና አበባ እንደ ጤፍ ተበትኖበት ነበር፣ የእግሩም ዱካ በጭቃው ላይ ከአባ ራያ ቡና ድረስ ተስሎ ይታይ ነበር። «አሰንዳቦ ቅርብ ሆነች እንዴ?» አለኝ። ኮፍያዋን ወረወረልኝና ውሻውን እሰሪው አለኝ፣ እኔም አሰርኩት። በገዛ እጄ አሰርኩት።

ሲሳይን ከቡናው መሃል ካለችው የጠባቂ ጎጆ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ያዙት። እናቴ ከገበያ ስትመለስ የምልምሎቹ መኪና አልፏት ሄደ፣ መንገድ ላይ ዘንቢሏን ጥላ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። እኔ ኮፍያዋን እህል ጎታ ውስጥ ቀበርኩ። ማን ጠቆመ ተባለ፣ ሰፈሩም መልሱን አላጣም፤ ጎጆዋ የአባ ራያ፣ ልጃቸው የሲሳይ እኩያ፣ ልጃቸው ደግሞ አልተወሰደም። «የራሳቸውን ለማትረፍ የሰው ልጅ ሰጡ» ተባለ። አባቴ «አያደርጉትም» ይል ነበር፣ ግን «ታዲያ ማን ነው?» እየተባለ ቀስ በቀስ አጥሩን መሻገር ተወ።

ክረምቱ ሲገባ ምንጭ ዳር አባ ራያን አገኘኋቸው። ልሸሽ ስል ከዘራቸውን ከፊቴ አጋደሙ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ውሻው ኮፍያውን ይዞ ሲያልፍ አይቻለሁ» አሉኝ። «ማን እንዳስለመደውም አውቃለሁ።»

እንሥራዬን አስቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ።

«ስሚኝ። ልጅ ይህን አይሸከምም፣ ያጎብጥሻል። እኔ አርጅቻለሁ፣ ትከሻዬ ለምዷል። ሲሳይ ኢንሻ አላህ ሲመለስ፣ አንቺም ትልቅ ሰው ስትሆኚ፣ ያኔ ትነግሪዋለሽ። እሺ?»

«እሺ» አልኳቸው።

ጉራቻ ሲሳይን ዳግም ሳያይ በስተርጅና ሞተ። ሲሳይ መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ሲበተን ግራ እግሩን እየጎተተ መጣ። እናቴ እልል ብላ ሳትጨርስ ነገሩን ከሰፈር ሰምቶ ነበር፣ አባ ራያም «እንኳን አላህ ለዚህ አበቃህ» ሊሉት ሲመጡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረባቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ትልቅ ሰውም ሆኜ ነበር። አባ ራያ አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ዛሬ ሰውነቱ ይመለስ፣ ነገ ሥራ ያግኝ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከሠርጉ በኋላ እያልኩ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ፤ አባ ራያን ደግሞ አላህ ዕድሜ ሰጥቷቸው ነበር፣ እየጠበቁኝ ይመስለኛል፣ ወደ መቶ ተጠግተው ነበር የሞቱት። ሲሳይ ቀብራቸው አልሄደም።

ከቀብሩ ስመለስ ቀጥታ ቤቱ ሄድኩና ከጎታው ወዲህ ስደብቃት የኖርኩትን ኮፍያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አገላብጦ አያት። ብል ግማሿን በልቷታል።

«ይቺ እኮ ያን ቀን ከራሴ ላይ የጠፋችው ናት። ማን አመጣት?»

«ጉራቻ።»

«ማን ላከው?»

«እኔ።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፣ የአጥሩን ቀዳዳ፣ ጠመንጃውን፣ አበባውን፣ ምንጩን።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር፣ አልጮኸም። «እሳቸው ያውቁ ነበር?» አለ። ያውቁ እንደነበር ስነግረው ኮፍያዋን ጉልበቱ ላይ አኖራት። «በየመንገዱ ሰላም ይሉኝ ነበር፣ ብርቄ» አለ። «በየመንገዱ!» ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኔም ከእሱ ጋር አለቀስኩ፣ በማግስቱም ለቅሶ ቤት ሄደን ከልጃቸው ጋር ተቀመጥን። ልጃቸው ውኃ ሰጠን።

አሁን ጅግራ የሚያድን የለም፣ የሸቤው ቤታችንም የሌላ ሰው ነው፣ ከታች ያለው ውሻ ደግሞ እንኳን እንቁላል የራሱን ሳህን ይዞ አያውቅም፤ ዝናብ ሲመታው ይራገፋል፣ ያ ብቻ ነው ሥራው። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሽታው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ አባቴና አባ ራያ የወደቀችው ወፍ ነፍሷ ሳይወጣ ለመድረስ በዚያ ሁሉ እሾህ ውስጥ ይሮጡ ነበር፣ ጉራቻም በአፉ ይዟት ሳይገድላት ያደርስላቸው ነበር። እኔ ያን ሁሉ አይቼ ያደግሁ፣ አንዲት እውነት ለማድረስ አርባ ዓመት ፈጅቼ፣ ሳደርሳት በክት ሆናለች።