ሃጀር የቴሌግራሙን ኮምፒውተር እንዴት እንዳስነሣችው

ዳንግላ ውስጥ ከገበያው ወደ መናኸሪያ ሲኬድ የሃጀር የጥልፍ ሱቅ አለ። ሃጀር ሥራውን የጀመረችው በእጇ ነው። ዓይኗ እስኪቀላ አቀርቅራ ስትጠልፍ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሥራውን ከተወ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ያገለገለ የጥልፍ መኪና ገዛች። መኪናው ጠንካራ ነው፤ ግን ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ፍላሽ አይቀበልም። የሚጠልፈውን ስዕል የሚያነበው ከፍሎፒ ብቻ ነው፤ ከዚያ ዛሬ ልጆች አይተውት ከማያውቁት ስስ አራት ማዕዘን ዲስክ። አዲስ ስዕል ሠርቶ ፍሎፒው ላይ የሚጭነው ደግሞ አብሮት የመጣው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሃጀር ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። እየሳተች፣ እየታረመች ለመደችው።

ታኅሣሥ ላይ ከእንጅባራ ወዲያ የሚኖር አዝመራው የሚባል ገበሬ መጣ። ፈረሰኛ ነው። በጥር ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ እሱና ጓደኞቹ ለፈረሶቻቸው ጀርባ የሚሸፍን አንድ ዓይነት ግላስ ሊያለብሱ ቆርጠዋል።

«ከፋዩ ቀይ ይሁን፤ ዙሪያውን ደግሞ የቀርከሃ ቅጠል ይዙርልን» አላት። «እኛ አገር ቀርከሃ ከሌለ ምን አለ? ትችይዋለሽ ወይ እታለም?»

«ምን ገዶኝ!» አለች ሃጀር።

የቀርከሃ ቅጠል ካሏት ፍሎፒዎች በአንዱም ላይ አልነበረም። አዲስ ስዕል መሥራት አለባት። ቅጠሉን በወረቀት ላይ ነድፋ ሳትጨርስ መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ግን በኃይል ነበርና ኮምፒውተሩ ጧ ብሎ ጸጥ አለ። ሱቁን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ከፍታ ስታየው የውስጡ ዋና ሰሌዳ አንድ ጎኑ ከስሎ ነበር።

ያየቻቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፍሎፒ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም። በመጨረሻ ማንም አሮጌ ዕቃውን ለጥፎ የሚሸጥበት አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ የእሷኑ የሚመስል ኮምፒውተር አገኘች። ፎቶው ላይ ስክሪኑ ቦግ ብሎ ይታያል። ከሥሩ «ተፈትኗል፣ ያለ እንከን ይሠራል» የሚል ተጽፏል። ገንዘቡን ላከች። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ዕቃው ዘግይቶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ደረሰ።

«ቢስሚላህ» ብላ ሰካችው። ማራገቢያው ዞረና ቆመ። ደግሞ ዞረ፤ ደግሞ ቆመ። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ለሻጩ ጻፈችለት።

«ከእኔ ሲወጣ ይሠራ ነበር፤ መንገድ ላይ ተመትቶ ይሆናል» አላት።

ቪዲዮ ቀርጻ ላከችለት። መልስ የለም። ስትደውል አያነሳም። ኋላ ላይ ጭራሽ መልእክት እንዳትልክለት ዘጋት።

ባሏ ሙሄ ከጫግኒ እህል እያመጣ የሚነግድ፣ ነገር ማካበድ የማይወድ ሰው ነው። «ተይው በቃ» አላት። «ለአዝመራው ደውይና ባሕር ዳር ወስዶ ያሠራ በይው። የሰውየውንም ጊዜ አታባክኚ።»

«እችላለሁ ብዬዋለሁ እኮ ሙሄ!»

«ኮምፒውተሩ ሲሠራ ነዋ ያልሽው።»

በማግስቱ ሃጀር ሱቋን እንደከፈተች ጠመንጃ መፍቻ አንስታ የተላከላትን ኮምፒውተር ሆዱን ከፈተችው። አጠገቡ የሞተውንም ከፍታ አስቀመጠች። አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን እያየች ቆየች። ሰሌዳው ላይ ቆርቆሮ የሚመስሉ ትንንሽ ክብ ነገሮች ተተክለዋል። በሞተው ላይ አናታቸው ለጥ ያለ ነው። በተላከላት ላይ ግን ገሚሶቹ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍተዋል፤ አንዱ ጭራሽ ፈንድቶ ቡናማ ነገር አንጠባጥቧል።

ሁለቱንም ሰሌዳዎች ነቅላ፣ በነጠላ ጠቅልላ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደሚጠግኑት ጋሽ ይኸነው ሄደች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው የተላከላትን አዩት።

«ይኸማ ኮንደንሰሩ አብጧል፣ ልጄ። ቴሌቪዥንም እንዲህ ሲሆን ይበራና ይጠፋል።»

«ይድናል ጋሼ?»

«ቴሌቪዥን ቢሆን አድንልሽ ነበር። ኮምፒውተር ግን ነክቼ አላውቅም። እጄም እንደ ድሮው አይደል፤ ይንቀጠቀጣል። አበላሽቼብሽ ከአንቺ ጋር አልቀያየምም።»

«የተበላሸውን ምን ያበላሹታል? እንግዲያውስ የብየዳውን ካውያ አያያዝ ያሳዩኝና በእኔ እጅ ይበላሽ።»

ጋሽ ይኸነው ሳቁ። የብየዳ ካውያቸውን አግለው መጀመሪያ በሞተው ሰሌዳ ላይ አለማመዷት። ነጠብጣቡ ብየዳ ሲቀልጥ ዕቃውን ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ብዙ አለመጫን፣ ብዙም አለማቆየት። ሃጀር ዕድሜዋን ሙሉ በመርፌ ጫፍ የኖረች ናት፤ እጇ ቀጥ ያለ ነው። ካልከሰለው ወገን ጤነኞቹን እየነቀለች ደረደረች።

«ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አስተያዪ» አሏት። «ከወጣው ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህ ነጭ መስመር ያለበት ደግሞ ኔጌቲቩ ነው፤ ገልብጠሽ ብትተክዪው ፊትሽ ላይ ይፈነዳል።»

ከሞተው ያልተገኘውን እሳቸው ከአሮጌ ቴሌቪዥን ፈልገው ሰጧት። ሃጀር ያበጡትን አንድ በአንድ አውጥታ ጤነኞቹን ተከለች። አገልድማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ማንም ሲያናግራት አትሰማም ነበር። ስትጨርስ ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑ ከሱቋ አስመጥታ፣ ሰሌዳውን መልሳ ገጥማ ሰካችው።

ምንም የለም። አሁን ማራገቢያው እንኳ አልዞረም።

«እህ» አሉ ጋሽ ይኸነው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንግዲህ አንቺ የምትችዪውን አድርገሻል።»

ሃጀር እንባዋ ሊመጣ ነበር። ግን ሰሌዳውን እንደገና ነቅላ፣ ገልብጣ ወደ ብርሃን ይዛው ወጣች። የተበላሸ ጥልፍ ሲመጣላት እንደምታደርገው ከዳር ጀምራ ነጥብ በነጥብ አየችው። ከአንዷ ዕቃ ሥር ብየዳው የሚያብለጨልጭ ቢመስልም እግሯን አልያዛትም፤ በጥፍሯ ነካ ስታደርጋት ተወዛወዘች።

«ጋሼ፣ ካውያውን ያግሉልኝ!»

ዳግመኛ ስትሰካው ማራገቢያው ዞረ፤ መዞሩንም አላቆመ። ጢው የሚል ድምፅ ተሰማና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት ረገፉ። ሃጀር «አልሀምዱሊላህ!» ብላ ስትጮህ የጎረቤት ባለ ሱቆች ምን ሆነች ብለው ሮጡ። ጋሽ ይኸነው እያጨበጨቡ «በርቷል! ኮምፒውተሩ በርቷል!» ይላሉ፤ የመጣው ሰው ግን ምኑ እንዲህ እንደሚያስጨበጭብ አልገባውም።

ሱቋ ወስዳ ፍሎፒ ስትከትበት ደግሞ እየተንገራገጨ ተፋው። የፍሎፒ ማንበቢያውም የተበላሸ ነበር ማለት ነው። አሁን ግን አልደነገጠችም። ከሞተው ኮምፒውተር ማንበቢያውን ነቅላ ገጠመችለት፤ የጥልፍ ፕሮግራሙ ያለበትንም የድሮውን ሃርድ ዲስክ አዛወረች። የቀርከሃውን ቅጠል ስላ፣ ፍሎፒው ላይ ጭና ለመኪናው ሰጠችው። መርፌው ተንጣጣ። ቀዩ ከፋይ ላይ መጀመሪያ ጫፏ፣ ቀጥሎ ወገቧ እያለ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሻጩ የዞረችው። ያበጡትን ኮንደንሰሮች በመዳፏ ይዛ ፎቶ አነሳችና የእሷ ስለተዘጋ በእህቷ ስልክ ቻናሉ ላይ ለጠፈችው። «ተፈትኗል የተባለው ይህ ነው» አለች ከሥሩ። እንደ እሷ የተታለሉት ወዲያው ይጽፉ ጀመር። ሰውየው ራሱ ደወለ።

«እህቴ፣ ፎቶውን አጥፊልኝ። ዕቃውን ወስጄ ገንዘብሽን ልመልስልሽ።»

«ዕቃውንማ አትወስደውም፤ ድኖ እየሠራልኝ ነው። አንተ መጀመሪያ ያልፈተንከውን ተፈትኗል ማለት ተው፤ ፎቶውን ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቻናሉ ላይ በሰውየው ዕቃዎች ሥር «ሳይፈተን እንዳለ የሚሸጥ» ተብሎ ይጻፍ ጀመር።

በጥር እንጅባራ ሜዳው በሕዝብ ተሞልቶ ነበር። ሃጀርና ሙሄ ከዳር ቆመዋል። የአዝመራው ጓደኞች በጋለቡ ጊዜ ቀዩ ከፋይ በፀሐይ ነደደ፤ የቀርከሃው ቅጠል በፈረሶቹ ጎን ላይ ነፋስ እንደነካው ተውለበለበ። አዝመራው ሲያልፍ አያትና ጋሻውን ከፍ አድርጎ «እታለም ሃጀር! ኧረ ክበሪልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሙሄ አጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው በክንዱ ጎሰም አደረገ። «የሚስቴ ሥራ ነው» አለው። «ኮምፒውተሩን እንኳ ራሷ ናት የሠራችው።» ሃጀር ሰምታ ያልሰማች መሰለች፤ ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

ሩጫው ሲበርድ አንድ የአዘና ሰው ፈረሱን እየሳበ መጣ።

«የግላሷ ባለሙያ አንቺ ነሽ አሉኝ። ለእኔም ትሠሪልኛለሽ? እንደነሱ ግን እንዳይሆን፤ የራሴ ስዕል ይኑረኝ።»

ሃጀር ፈረሱን ዞራ አየችው። ቀላ ያለ ዳማ ነው፤ ጀርባው ሰፊ፣ አንገቱ ረጅም።

«ለዳማማ ነጭ ከፋይ ነው የሚያምርበት» አለች፤ ከቦርሳዋ ሜትሯን አውጥታም ያንኑ ጊዜ ልኩን ትወስድ ጀመር።