ስድብ የናፈቃቸው እትዬ አፀደ

ቤዝቦል ማለት ፒጃማ የለበሱ ወንዶች ሜዳ ላይ ቆመው ምራቃቸውን የሚተፉበት፣ ሲሰለቻቸው ደግሞ አንዱ ተነስቶ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ይህን ትርጉም የሰጡን እትዬ አፀደ ናቸው። ሲሰጡን ግን እትዬ አፀደ መሆናቸውን አናውቅም። ያኔ ዮናታን ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአትላንታ ቡድን ሜዳ ወደ ኮብ ካውንቲ ሳይሄድ፣ ገና መሃል ከተማው አጠገብ እያለ፣ ኤርፖርት ተራ የምንጠብቅ የታክሲ ሾፌሮች አንድ የቫይበር ግሩፕ ነበረን። ተራ ጥበቃ ግማሽ ዕድሜ ይበላል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን አለ፤ ሪሞቱ ከጠፋ ስለቆየ የሚያሳየን ቤዝቦል ብቻ ነው። መጀመሪያ ረገምነው፣ ቀጥሎ ለመድነው፣ በመጨረሻ ያዘን። ግሩፑን የከፈተው ቶሎሳ ነው። ቶሎሳ ሰው መሰብሰብ ይወዳል፤ የሰበሰበውን ዝም ማሰኘት ግን አይሆንለትም። ከአባላቱ ነገረኛው ፍስሐ ነው። ታክሲውን ትቶ ኮንየርስ ከተማ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ከገባ በኋላ እንኳ ከግሩፑ አልወጣም። እኛ የአትላንታ ደጋፊ ስለሆንን ብቻ እሱ የፊላደልፊያ ሆነ። ፊላደልፊያን ካርታ ላይ አሳየን ብትሉት ጣቱን ቦስተን ላይ ያሳርፋል።

ዮናታን ደግሞ የስቶን ማውንቴን ሰፈር ልጅ ነው። ታክሲ በነዳ ጊዜ ቶሎሳ ግሩፑ ውስጥ አስገባው እንጂ አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም። ፎቶውም የራሱ አይደለም፤ የጥቁር ካምሪ መኪናው ነው። በዚያ ዓመት ግን ሲዝኑ በተከፈተ ሰሞን፣ ዓቢይ ጾም ሳይፈታ፣ ይህ ዝምተኛ ካምሪ ድንገት አፍ አወጣ። ፍስሐ የፊላደልፊያውን ኳስ ወርዋሪ ክንድ እያወደሰ ሲያደክመን ከወደ ዮናታን እንዲህ የሚል መጣ፦

«ፍስሐ፣ አንተ ስለ ቤዝቦል ስታወራ ጾም የምትሰብክ ድመት ነው የምትመስለው።»

ከዚያ ወዲያ ዮናታን የግሩፑ ንጉሥ ሆነ። እኛ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛውን ስንሰባብር እሱ ቀስ ብሎ፣ በአማርኛ ፊደል፣ አራት ነጥቡን ሳያጓድል ይሰድበናል። የኛ ልጅ ኳስ ሲስት ዱላውን የያዘው ሊመታበት ነው ወይስ ሊመረኮዝበት ብሎ ይጠይቃል። የፍስሐን ቡድን ሰው ሲሞት ብቻ የሚቆም የእድር ድንኳን ነው አለው። ዕውቀት ላይ እንኳ ብዙም አልነበረም። ያሸንፋል ያለው ይሸነፋል። አንድ ተጫዋች ደጋግሞ ሲስት ቡዳ በልቶታልና አስወጡት ይላል። አፉ ግን ጤፍ ይቆላል።

እኛም አልማርነውም። ደደብ አልነው፣ ጨለምተኛ አልነው፣ ሟርተኛ አልነው። ከአማቱ ጋር እንደሚኖር ስለምናውቅ ፍስሐ የአማትህ ሎሌ፣ ሰሃን አጥበህ ስትጨርስ ነው ወይ ሪሞት የሚሰጡህ ብሎ ጻፈበት። መልሱ አልቀረም፤ አዎ አጥቤ ጨርሻለሁ፣ አማቴን ግን ተዋት፣ ካንተም ከቡድንህም የተሻለች ሰው ናት። እንዲህ አማቱን የሚወድ ወንድ አይተን አናውቅም ብለን ተንከተከትን።

ጉዱ የወጣው ከፊላደልፊያ ጋር በገጠምንበት አንድ ምሽት ነው። ዳኛው የኛን ልጅ ያለ ጥፋቱ አስወጣው። ሁላችንም ለመጻፍ ስንሻማ ከዮናታን የድምፅ መልእክት ገባ። ከፈትነው። ከጀርባ ድስት ይንጣጣል፤ ከፊት የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ ዳኛውን ዓይንህን ሸጠህ በላኸው ወይ እያለ ያወርድበታል። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለና፣ «ወይ ሚስተር ኧርል፣ ይህን ሳታይ ሄድክ» አለ። ከዚያ ወደ ጎን፣ «መነን፣ ጨዉን አቀብዪኝ።» እዚያ ላይ ተቆረጠ።

እጃቸው ሽንኩርት እየከተፈ ስለነበር የድምፁን ምልክት ሳያውቁ በጣታቸው አንጓ ነክተውት ነው አሉ በኋላ።

ኤርፖርቱ መጠበቂያ ውስጥ ሁላችንም መልእክቱን ደግመን ከፈትነው። ቶሎሳ ይቅርታ፣ ማን ልበል ብሎ ጻፈ። መልሱ እንደወትሮው ቀስ ብሎ መጣ፤ «አፀደ ነኝ። የዮናታን አማት። ስልኩን ለኔ ከሰጠኝ ቆይቷል። ዳኛው ግን ዕውር ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አልመኝም። ሁሉም ወደ ኋላ እየሄደ የእናቱ እኩያ የሆኑ ሴት ላይ ምን እንደጻፈ ማንበብ ጀመረ። ለገሰ የሚባለው ጓደኛችን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የኔ አህያ ብሎ የጻፈው፣ ተሳፋሪ ሲመጣ ተራውን አሳለፈ። ፍስሐ ጭራሽ ከስልኩ ጠፍቶ በማግስቱ ብቅ አለና እማማ፣ በጾሙ ይቅር ይበሉኝ ብሎ ሦስት የተጋጠሙ እጆች ምልክት አስከተለ።

ወሬውን እስከ ሥሩ ያጠራሁት እኔ ነኝ፤ ወሬ ሳይጠራ እንቅልፍ አይወስደኝም። መነን የእትዬ አፀደ ልጅ፣ የዮናታን ሚስት ናት። የዲቪ ሎተሪ ደርሷት መጣች፣ ቆይታ እናቷን አስመጣች። እትዬ አፀደ ቁጭ ብሎ መጦር አልሆነላቸውም። ቻምብሊ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ቤት አስታማሚ ሆነው ገቡ፤ ያ ሰውዬ ሚስተር ኧርል ነው። ከልጆቹ ሁሉ የተጣላ፣ ከዓለም የቀረው ቤዝቦልና ምላስ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ጨዋታ በመጣ ቁጥር እሱ ሶፋው ላይ፣ እሳቸው አጠገቡ። እሱ ተጫዋቹን ይሰድብና መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ወደ እትዬ አፀደ ይዞራል። በእንግሊዝኛ ይሰድባቸዋል፣ በአማርኛ ይመልሱለታል። ማንም አስተርጉሙልኝ አላለም፣ ማንም አልተቀየመም። መድኃኒቱን ከልጆቹ እጅ አይወስድም፤ እትዬ አፀደ ዋጥ፣ አንተ ጅብ ሲሉት ግን ይውጣል። ያ ሲዝን ሳይከፈት፣ በብርዱ ወራት ሞተ። ሲዝኑ ሲከፈት እትዬ አፀደ ስቶን ማውንቴን ቤት ቁጭ ብለው ነበር። ዮናታን አዲስ ስልክና አዲስ ቁጥር ሲያወጣ አሮጌውን ስብከት ይስሙበት ብሎ ሰጣቸው። ስብከቱን ሲፈልጉ እኛን አገኙን።

ይህን ሁሉ እያወቅን ያደረግነውን ደግሞ ስሙት።

ግሩፑ ቅዱስ ሆነ። ጨዋታው ሲጀመር እንደምን አመሹ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት። ቶሎሳ የግሩፑን ፎቶ አንስቶ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ለጠፈ። የፊላደልፊያው ልጅ እጁ ውስጥ የገባች ኳስ ሲጥል ቶሎሳ ራሱ ምስኪን፣ ፀሐይ ዓይኑ ገብታ ይሆናል ብሎ ጻፈ፤ ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች። እትዬ አፀደ ነገር ለማስነሳት ያልሞከሩት የለም። ፍስሐ፣ ልጃችሁ እጁን ቅቤ ቀብቶት ነው ወይ አሉት። እውነትዎን ነው እማማ አላቸው። ቡድንህ ሬሳ ነው አሉት። ለዚህም ይጸልዩልን አላቸው። ለገሰ ይባስ ብሎ ከሚስቱ ጋር ያለበትን ጠብ አመጣና ምን ይመክሩኛል አለ። እትዬ አፀደ የመከሩት መጀመሪያ ጨዋታውን እይ ብለው ነው።

ሰው ደግሞ ሳይሳደብ ቤዝቦል ማየት አይችልም። ያለ ስድብ ከሆነ እውነትም ፒጃማ የለበሱ ሰዎች ሲተፉ ማየት ነው። ስለዚህ ፋሲካ እንዳለፈ ቶሎሳ ሹልክ ብሎ ሌላ ግሩፕ ከፈተ። ሁላችንም ገባን። የድሮው ስድብ በሙሉ ከነዕቃው ወደዚያ ተዛወረ፤ በድሮው ግሩፕ እትዬ አፀደና ቅዱስ ገብርኤል ብቻ ቀሩ።

ቶሎሳ ግን አንድ ጥፋት አጠፋ፤ የገዛ ደግነቱ ነው ያስጠፋው። የታክሲ ልጅ ቅር እንዳይለው ብሎ እውነተኛውን ዮናታንን በአዲሱ ቁጥሩ ጨመረው። ዮናታን ቤዝቦልና ሆኪ መለየት አይችልም፤ ገባ እንጂ አላነበበም።

ቀሪውን የሰማሁት ከመነን ነው። እራት ላይ ነበሩ። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ እንደገና ከፊላደልፊያ ጋር ነው። የኛ ልጅ ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ላካት። እትዬ አፀደ ስልካቸውን አዩ፤ ዝም። ጠረጴዛው ማዶ ግን የዮናታን ስልክ ይንጫጫል። ጥቂት ቆይቶ ዳኛው ጥፋት ጠራ፤ የእሳቸው ዝም፣ የዮናታን ይንጫጫል። ተጫዋቹ ሲስት ይጮኻል፣ ሲመታ ይጮኻል። እትዬ አፀደ ጉርሻቸውን አስቀመጡ።

«ዮናታን፣ ስልክህን ስጠኝ።»

አማቱን እምቢ የሚል ወንድ ካለ ስቶን ማውንቴን ውስጥ አይኖርም። ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው እየተረጋጉ አነበቡ። ፍስሐ ቶሎሳን ምን እንዳለው፣ ቶሎሳ የፍስሐን ዘር ማንዘር የት እንዳደረሰው፣ ሁሉንም አነበቡ። መነን እናቷ ላይ እንደዚያ የቀና ሰው መልክ አይታ አታውቅም፤ ሠርግ ሳይጠራ እንደቀረ ሰው ሆኑ አለችኝ። ከዚያ የድምፁን ምልክት ተጫኑ፤ በዚህኛው ጊዜ እያወቁ።

እኔ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እየሰማሁ ነበር። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

«ልጆቼ፣ አፀደ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን እማማ ይሉኛል። እቤት እማዬ። ጎረቤቴ ማም ይለኛል። ሁሉም ቁጭ በይ፣ አረፍ በይ ነው፤ ለመሞት ተራ የያዝኩ ነው የሚመስላቸው። በዚህ አገር ሰው አድርጎ የሰደበኝ ሚስተር ኧርል ነበር፣ ሞተ። ከእሱ ቀጥሎ ደደብ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። አሁን እናንተም ገነዛችሁኝ። ፍስሐ፣ አንተ ነህ የጀመርከው። ዛሬ ይህ ጨዋታ ሳያልቅ ካልሰደብከኝ እረግምሃለሁ። ስረግም ደግሞ ይደርሳል።»

እንግዲህ የፍስሐን ጭንቅ አስቡት። ትልቅ ሰው ቢሰድብ ኃጢአት፣ ባይሰድብ እርግማን። በእረፍቱ ሰዓት ዌርሃውሱ ደጃፍ ቆሞ ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ፣ ሲጽፍ ግሩፑ በሙሉ ያያል። በመጨረሻ የላከው፣ «እማማ፣ እርስዎ ትንሽ ተሳስተዋል» የሚል ሆነ።

እትዬ አፀደ ይሄ ስድብ ነው ወይ አሉ። ሚስተር ኧርል ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ከዚህ የተሻለ ሰድቦኛል አሉ። ቡድንህም እንዳንተ ዱላውን እየፈራ ነው የሚይዘው አሉ።

ቡድኑን መንካታቸው ይሆን እርግማኑ፣ አላውቅም። ፍስሐ እንዲህ ጻፈ፦

«እማማ፣ እርስዎ ከሚደግፉት ቡድን ያ ሽማግሌዎ ከመቃብር ተነስቶ ቢጫወት ይሻላል። እሱ ቢያንስ ከአፈር ይወጣል፤ የእርስዎዎቹ ገና እየገቡ ነው።»

 የሞተ ሰው ተነካ። ቶሎሳ ፍስሐን ለብቻው ደውሎ አብደሃል እንዳለው በኋላ ሰማሁ። እኔም ወሬ የምወደው ሰውዬ፣ ይህን ወሬ ባልሰማሁት ብዬ ተመኘሁ።

ስቶን ማውንቴን እትዬ አፀደ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ዮናታን ደንግጦ ውኃ ሊያመጣ ተነሳ። መነን ነጠላውን ገለጥ ብታደርገው እናቷ በሳቅ እንባቸው ይወርዳል፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ድምፅ አውጥተው እንኳ መሳቅ አልቻሉም።

የላኩት ድምፅ ግማሹ ሳቅ ነው። «ሚስተር ኧርል ቢነሳ መጀመሪያ አንተን ነው የሚያባርረው፤ ፊላደልፊያን ሲጠላ ለጉድ ነው። አሁን ሰው ሆንክ ፍስሐ። እግዜር ይባርክህ፣ ወልደህ ሳም፣ ቡድንህን ግን አይባርከው።»

ፍስሐ አሜን አለ፤ ለመጨረሻው ብቻ አሜን አልልም ብሎ ጨመረበት።

አዲሱ ግሩፕ በዚያው ቀጠለ። እትዬ አፀደ በስማቸው ገቡ፤ ፎቶአቸው ግን ዛሬም ካምሪው ነው። አንቱታውን ሊያስጥሉን ብዙ ታገሉ፣ እሱስ አልተቻለንም፤ ስለዚህ በአንቱታ ይሰደባሉ። ያን ምሽት ስንመራ የነበረውን ጨዋታ በመጨረሻው ዙር ስንሸነፍ፣ አህያ ብሎ ተራውን ያሳለፈው ለገሰ ቀድሞ ጻፈ፤ ያሸንፋሉ ብለው የተናገሩት እርስዎ ነዎት፣ የበሉን እርስዎ ነዎት፣ ሟርተኛ ነዎት አላቸው።

እትዬ አፀደ መረቁት።