በድሮው ልክ

በዚያ ሰፈር «የጣቃው ልጆች» ሲባል የማያውቅ አልነበረም። አስራ አንድ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ገና ልጆች ሳሉ ነው። ፖስታ አመላላሽ የነበሩት አባታቸው አንድ የልደት በዓል ሰሞን ሊዘጋ ከተቃረበ ሱቅ አንድ ሙሉ ጣቃ አረንጓዴ ጨርቅ ተሸክመው መጡ፤ ቤተሰቡም ከአራስ እስከ አባወራ ከዚያው ጨርቅ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እናትየዋ ግን ደስ ብሏቸው ዋሉ። «ልጆቼን በሕዝብ መሃል ከሩቅ ለየኋቸው» አሉና በየዓመቱ እንዲሁ ይሁን ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው፣ የአንዳንዶቹም ጸጉር ሸሽቶ፣ በልደት ቀን ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ልብስ ሳይለብስ እናቱ ቤት የሚገባ የለም።

መቀሱን የያዘችው የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። ታናናሾቿ እታለም ይሏታል። አምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ በጫማ ሰፊና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ውስጥ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላት። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። ለምን እንዳላገባች የጠየቃት ሰው «የሠላሳ አራት ሰው ወገብ እያወቅሁ ደግሞ ሠላሳ አምስተኛ ልጨምር?» የሚል መልስ ነበር የሚያገኘው። ሠላሳ አራት ማለት ወላጆቿ፣ እሷ፣ አሥሩ ታናናሾቿ፣ ባልና ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው ናቸው።

ልደት ሁለት ወር ሲቀረው ሁሉም በየተራ እየመጡ ይለካሉ። በዚህ ሜትር የማታውቀው ጉድ የለም። አራተኛዋ እህቷ ማርገዟን ከባልየው በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ስድስተኛው ወንድሟ ከሥራ መባረሩን ለሚስቱ ሳይናገር ወገቡ ለእሷ ነግሯታል። ሜትር አይዋሽም ትል ነበር፤ በዚህም ትንሽ ትኩራራለች።

ታዲያ ይህች ሁሉን አዋቂ እናቷን ለክታ አታውቅም። የእናቷን ቀሚስ የምትቆርጠው ከሃያ ዓመት በፊት ካዘጋጀችው፣ ጠርዙ ከተበላ የወረቀት ልክ ነው። ልጅ ያድጋል፣ ሙሽራ ይወፍራል፣ ወንድ ቦርጭ ያወጣል፤ እማዬ ግን እማዬ ናት፣ ምን ትለወጣለች? አስራ አንድ ልጅ ባለበት ቤት ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በሚለዋወጠው ላይ ነው። ስህተት ከተባለ ይህ ነው፤ እኔ በበኩሌ ይቅር የማይባል ስህተት ይመስለኛል።

በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወላጆቿ ቤት ሄደች። ካውያ አሙቃ የሚተኮስ ካለ ትተኩሳለች፤ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የአባቷን ሸሚዝ ጨርሳ የእናቷን የአምናውን ሰማያዊ ቀሚስ ዘረጋች። ልብስ ሰፊ ቀሚስ ሲተኩስ መጀመሪያ ገልብጦ ከውስጥ በኩል ነው። ገለበጠችው። ከብብቱ እስከ ወገቡ፣ በግራም በቀኝም፣ እሷ ያልሰፋችው ስፌት አየች።

በእጅ የተሰፋ ነው። አንዱ በሰማያዊ ክር፤ ከእሱ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ በጥቁር ክር፤ ከእሱም ገባ ብሎ ሦስተኛ በነጭ። የመጀመሪያው ቀጥ ያለ የባለሙያ ስፌት ነው፤ ለእሷም መርፌ አያያዝ ያስተማሯት እናቷ ናቸው። ሁለተኛው ይወለጋገዳል። ሦስተኛው አንዴ ረዥም አንዴ አጭር ሆኖ፣ የሆነ ቦታ ላይ ክሩ ተበጥሶ እንደገና ተጀምሯል። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ለካች፤ ስላላመነች ደግማ ለካች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከወገብ ላይ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሄዷል።

ካውያውን አቁማ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እናቷ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ቤቱ ይሞቃል፤ እሳቸው ግን ወፍራም ሹራብ ደርበዋል። ከኋላ ሄዳ አቀፈቻቸው። ሁልጊዜም ታቅፋቸዋለች፤ ያን ቀን ግን በባለሙያ እጅ አቀፈቻቸው። ሹራብ፣ ከሥሩ ሌላ ሹራብ፣ ከሥሩ ደግሞ የአባቷ የብርድ ካናቴራ። ሰውነታቸው ጋ ለመድረስ እጇ ብዙ ተጓዘ።

«እማዬ፣ ቀሚሱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ስፌት ነዋ። አንቺ ስፌት ጠፋሽ?»

«ሐኪም አይቶሻል?»

እናቷ የድንቹን ልጣጭ ሳይቆርጡ እስከ መጨረሻው ካወረዱ በኋላ ነው ቀና ያሉት። «ሐኪም ቤቱ የትም አይሄድ። በዓሉ ይለፍ» አሉ።

ከዚያ በኋላ እታለም ያላለችው ነገር የለም፤ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አሁኑኑ ለሁሉም እደውላለሁ ብላ አስፈራራች። እናቷ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ልጆቻቸው ተሰብስበው በዓል በሚበሉበት ቀን የበሽታ ወሬ እንዲነሳ እንደማይፈልጉ፣ ከበዓል በኋላ የፈለገችውን እንደምታደርግ ነገሯትና ትንፍሽ እንዳትል ማይልኝ አሏት። በዚያ ቤት ሲማል «እማዬ ትሙት» ነው የሚባለው። አስራ አንዱም በብስክሌት ሲጣሉ፣ በብስኩት ሲካካዱ ሲምሉበት ያደጉት መሐላ ነው። እታለም አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣ አላት። በእሺታ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

የዚያ ዓመት ጣቃ ወይን ጠጅ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናዋን ረገጠች። የእናቷ ተራ ሲደርስ ሜትሯን ይዛ ሄደች፤ አልለካም አሉ። «በድሮው ልክ ስፊው፤ ከሥሩ እደርብበታለሁ» አሏት። የድሮውን ወረቀት ጨርቁ ላይ ዘርግታ በጠመኔ አሰመረች። ወገቡ ላይ ስትደርስ መቀሱን አስቀምጣ ውጭ ወጣች፤ ጫማ ሰፊው ምን ሆንሽ ቢላት የጨርቁ ብናኝ ዓይኔ ገባ አለችው።

ወንድሞቿና እህቶቿ ልብሳቸውን ሊሞክሩ ይመጣሉ፤ እሷም ከእያንዳንዳቸው ፊት ትንበረከክና ጠርዝ ታጥፋለች። መናገር በእያንዳንዱ ቀን አፏ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ከባድ መኪና የሚነዳው ሁለተኛው ወንድሟ፣ ጥርስ የማያስከድን ነው፣ እጁን ዘርግቶ ቆሞ «እማዬ ዘንድሮ ደለብ አላለችብሽም? የአባዬ ጡረታ ተስማማት» ሲላት አፏ ውስጥ ስፒል ነክሳ ስለነበር አልመለሰችለትም። ስፒሉን አውጥታ ከጨረሰች በኋላም አልመለሰችለትም።

በጣም ያናደዷት አባቷ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን እንቁላል ጠብሰው የማያውቁት ሰውዬ ድንገት ሾርባ መሥራት ልማር ብለው ተነሥተዋል። እናቷ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዟቸዋል፤ እሳቸው ሽንኩርት እየከተፉ፣ የጨውን ልክ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ እየጻፉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሚስታቸው ዓይናቸው እያየ ስታልቅ ሰውዬው ጨው ይለካሉ! ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። እናቷ ደግሞ ቤቱን ማቅለል ይዘዋል። የመስታወቱን ጎድጓዳ ሳህን ለመጨረሻዋ ልጅ ሰጡ፤ ስድስቱን የሸክላ ኩባያዎች ለአራተኛዋ። ቦታ አጣበበብኝ ነው የሚሉት። ወሳጆቹም ደስ ብሏቸው ወሰዱ።

የልደት ጠዋት ሁሉም በወይን ጠጅ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጡ። ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እናቷ ግን ሦስት ጊዜ ቆሙ። አንዴ ጎረቤት ሰላም ለማለት፣ አንዴ የልጅ ልጅ ኮሌታ ለማስተካከል፤ በሦስተኛው ምክንያት አጥተው ዝም ብለው የሰው አጥር ይዘው ቆሙ። ከኋላ የምትከተለው እታለም ብቻ ነበረች ያየችው። ከፊት ያሉት ይሳሳቃሉ፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ እሷ የእናቷን ትንፋሽ ትቆጥራለች።

ቤት ሲገቡ መኝታ ክፍል ወስዳ ካፖርታቸውን አወለቀችላቸው። ነገ በጠዋት ሐኪም ዘንድ እንደምትወስዳቸው በጆሯቸው ነገረቻቸው። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ፈገግ አሉ።

«ነገማ ሁሉም እዚሁ አይደሉ? ፋሲካ ይለፍ።»

«ፋሲካ እኮ ከሦስት ወር በላይ አለው፣ እማዬ።»

«ያኔ እንነጋገራለን።»

እታለም ሦስት ሳምንት ቃሏን ጠብቃ፣ አንጀቷ እያረረ፣ ያገኘችው ሌላ በዓል ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የአንዱ ሠርግ ይመጣል፣ የአንዷ ልጅ ክርስትና ይመጣል። በእሷ ዝምታ እናቷ ሊሞቱ ነው። ያን ጊዜ ነው የቆረጠችው፤ ዛሬ ሁሉም እጇ ላይ ሳሉ፣ ሳይበታተኑ ትናገራለች።

አባቷ እንደ ወትሮው የመኝታ ቤቱን በር ነቅለው ከጠረጴዛዎቹ ጋር ገጥመውታል፤ ያለዚያ ይህ ሁሉ ሰው አይበቃውም። የተጠበሰው ዶሮ፣ ዳቦው፣ ድንቹ፣ አባትየው የሠሩት ሾርባ ተደረደረ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ።

የዚህን ቤት ጸሎት ያላየ አያምንም። ከልጆቹ የመጨረሻዋ ትጀምራለች፣ በዕድሜ እየተነሣ እስከ እታለም ይመጣል፣ ከዚያ አባት፣ እናት ይዘጋሉ። ሰው ሲጸልይ ማቋረጥ የለም፤ ሁሉም ሳይጨርስ ዓይን መግለጥ የለም፤ በጸሎት በተነገረ ነገርም መቀየም የለም። ስለዚህ ፊት ለፊት የማይባል ነገር ሁሉ በጌታ በኩል ይተላለፋል። «ጌታ ሆይ፣ መጫሚያዬን ሳያስፈቅድ የሚያደርገውን ወንድሜን ይቅር በለው» እየተባለ ያደጉ ናቸው። ሹፌሩ ወንድሟ የጋብቻ ጥያቄውን ለዛሬዋ ሚስቱ ያቀረበው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ በጸሎት ነው፤ ልጅቷ አሜን ከማለት ሌላ አማራጭ አልነበራትም።

አንድ በአንድ ጸለዩ። ሹፌሩ ለእናታቸው ጤናና ምቾት አመስግኖ አበቃ። የእታለም ተራ ደረሰ።

«ጌታ ሆይ፣ እናታችን ታማለች» አለች። «ከልጆቿ ደብቃለች፤ እኔም አብሬ ደብቄያለሁ፣ ይቅር በለኝ። ዛሬ ከቀሚሷ ሥር ሦስት ሹራብ ለብሳለች፤ ደልባ አይደለም። ወንድሞቼና እህቶቼ ነገ ሳይሄዱ ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷት እርዳን። ጊዜ ሳያልፍ። አሜን።»

አሜን ያላት ሰው የለም። አንዱ ልጅ ምን ሆነች ብሎ ሲጠይቅ እናቱ አፉን ስትይዘው ተሰማ። ዓይን የገለጠ ግን አልነበረም፤ ሥርዓት ነዋ። አሁን የአባቷ ተራ ነው። ጠበቀች። ከሰውዬው አንድ «አሜን» ብቻ ወጣ። ያቺ አሜን የተሰነጠቀች ነበረች። እታለም ዓይኗን እንደጨፈነች አባቷ የዛሬ ሳይሆን የቆየ ልቅሶ እየዋጡ መሆኑን ሰማች፤ ሾርባ የተማሩትም ለምን እንደሆነ ገባት።

እናቷ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ጌታዬ፣ ልጄን አደራ፤ ለእኔ ብላ ነው፣ ማንም እንዳይቀየማት። ሦስት ሐኪም እንዳየኝ አንተ ታውቃለህ። ፋሲካ ላይ አልደርስም ነው የሚሉት፤ የሚደረግም የለም ብለውኛል። እንደው ይችን አንዲት ማዕድ ሳያዝኑብኝ እንዲበሉልኝ ነበር የለመንኩህ። እስከ ማዕዱ በር አድርሰኸኝ ነበር፤ ተመስገን። ለእነሱ ጽናቱን ስጣቸው። ምግባችንን ባርክልን። አሜን።»

ዓይኖች አንድ በአንድ ተገለጡ። ማንም ማንንም አላየም። የመጨረሻዋ ልጅ እጇን የእናቷ ቀሚስ ላይ አኑራ ማልቀስ ጀመረች። እታለም ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ግን ይቅርታው የሚመልሰው ነገር አልነበረም፤ ለእናቷ የአንድ ሰዓት ሳቅ ነበር የቀራቸው፣ እሱን ወስዳባቸዋለች።

እናቷ ጭልፋውን አነሡና መጀመሪያ የእታለምን ሳህን ሞሉ። ግማሹ ጠረጴዛ በሆነው በር ላይ ፈሰሰ።

«ብሉ እንጂ፤ ሳይቀዘቅዝ» አሉ።

ማንኪያዋን አነሣች። እናቷ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቋት ነበር፤ ዋጠችላቸው።