የላፕቶፔ ጩኸት እና የሐጂ መፈልፈያ

«ወላሂ፣ መብራት በሌለበት መፈልፈያዬን ማን አስነሳው?» እያሉ አከራዬ ሐጂ ዛሬ በሬ ላይ ደረሱ።

የጮኸው የቡና መፈልፈያቸው ሳይሆን የእኔ ላፕቶፕ ነው።

«ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫኑ፣ ማሽን አያስጨንቅም» እያልኩ ሰፈሬን መንደራ ቆጪን ስሰብክ የከረምኩት እኔ!

የመመረቂያ ጽሑፌን ዛሬ ማስገባት አለብኝ፤ የማቀዝቀዣ ፋኑ ሩጫ ደግሞ ባትሪውን እየጨረሰው ነው። የቴሌግራም ግሩፓችን ሊቃውንት «የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ቀንስ»፣ «ሲስተሙን ቀይር» አሉኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ትእዛዝ ጻፍኩ። ፋኑ ወይ ፍንክች!

ሐጂ በሩ ላይ ሆነው ሲታዘቡኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የኔም እንዲህ የሚጮኸው ገለባ ሲያንቀው ነው። ጠርገኸዋል?» አሉ።

ላፕቶፑን ስፈታው የመፈልፈያቸው ብናኝ ፋኑን ጠቅጥቆታል። በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት፤ ጸጥ አለ። ጽሑፉም ባትሪው ሳያልቅ ገባ።

ሊቃውንቱ አሁንም እየተከራከሩ ነው።

እናንተስ፣ ብሩሽ ለሚጨርሰው ሥራ ስንት ሰዓት ኮድ ጻፋችሁ?