ለጎረቤቴ የላክሁት ሽማግሌ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰመር የሚሉት የፈረንጅ በጋ ሲገባ፣ አሜሪካ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ፤ ትንሽም አፍራለሁ። ሰው ስለ ጎረቤቱ ሲያማርር በሰማሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ፣ እስቲ ልናገረውና ይውጣልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዴንቨር ሞንትቤሎ ሰፈር ያለው ቤታችን በብርዱ ወራት የውሃ ቧንቧው ፈንድቶ ወለሉም ግድግዳውም ተበላሸ። ጥገናው አራት ወር ይፈጃል ተባልን። ባለቤቴ ግርማ ከሥራ ጓደኛው አርቪ የሚሉትን ነገር ተዋሰ። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ አንድ መኪና ውስጥ የታጨቀበት ባለ ጎማ ቤት ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች ተደርድረው የሚቆሙበት ግቢ አገኘንና ገባን። ከጎረቤት ጋር ያለን ርቀት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ማታ ገብቼ ጠዋት ስለምወጣ እንቅልፌ የቀን ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ዴል የሚባል፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ብቻውን የሚኖር አሜሪካዊ ነበር። ጠዋት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መጋዙን ያስነሳል። የሚሠራው የወፍ ቤት ነው። ሲቆርጥ፣ ሲቸነክር፣ ሲሞርድ ይውላል። ያ ሁሉ ዛፍ ቆሞ እያለ ወፍ ምን ቤት አጣች ብዬ እበሳጫለሁ። ትራስ ጭንቅላቴ ላይ ብከምር፣ ጆሮዬን በጥጥ ብወትፍ፣ እንቅልፍ ወይ ፍንክች።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት አዛውንት ገና ጎህ ሳይቀድ ቁርስ እያጎረስኳቸው ማንኪያውን እንደያዝኩ አንቀላፋሁ። አለቃዬ አይታኝ ኖሮ በጽሑፍ አስጠነቀቀችኝ። አንድ ጊዜ ከደገምኩ ሥራዬን እንደማጣ ሳትደብቅ ነገረችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቦታ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በነጋታው ግቢውን ለምታስተዳድረው ሴት አቤት አልኩ። የግቢውን ደንብ አውጥታ አሳየችኝ። ከምሽቱ አሥር ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሰባት ሰዓት ጸጥታ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚረብሽ ሰው ከግቢው ይወጣል። ከዚያ ውጭ ግን ማንም ሥራውን መሥራት ይችላል። ዴል አንድ ደቂቃ እንኳ ቀድሞ ጀምሮ አያውቅም አለችኝ።

እንግዲያው ራሴ እነግረዋለሁ ብዬ ጫማዬን ሳጠልቅ ግርማ በሩ ላይ ቆመ።

"በዚህ ፊትሽ ከሄድሽ ፖሊስ ነው የሚጠራው። ሽማግሌ እንላክበት።"

"ለፈረንጅ? ግርማ፣ አሞሃል?"

"ፈረንጅስ ሰው አይደለም እንዴ? ጋሽ ወርቁን ላናግራቸው።"

ጋሽ ወርቁ በሱዳን በኩል ተሰደው ዴንቨር ከገቡ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ተጣልቶ በእሳቸው ያልታረቀ ባልና ሚስት ያለ አይመስለኝም። እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ስለነበር እሺ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። እኔ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። ዴል በሩን ሲከፍት ሦስት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ኋላ እንደነገረን ሃይማኖት ሊሰብኩት የመጡ መስሎት ነበር።

ወንበር አወጣላቸው፤ አልተቀመጡም። ውሃ አመጣላቸው፤ አልጠጡም። በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ዴል ይህን በምን ይወቀው? ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ቀጥ አሉ። ሰውዬው እደጄ ላይ ሊወድቁብኝ ነው ብሎ ተጨነቀ።

"እባክዎ ይቀመጡ" አላቸው።

"ጉዳያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም" አሉት በታክሲ እንግሊዝኛቸው።

"እሺ፣ እሺ። የፈለጋችሁት ይሁን፤ ብቻ ተቀመጡ።"

ሦስቱም ቁጭ አሉ። በእነሱ ቤት ነገሩ አልቋል። ዴል ግን ምኑን እሺ እንዳለ ገና አላወቀም።

ከዚያ የእኔን ችግር አስረዱት። እሱም በጥሞና ሰምቶ፣ ብዙ ተናገረ። በመካከሉ በጣቱ ወደ እኛ ሲጠቁም አየሁ። ትንሽ ቆይተው ግርማንና እኔን ጠሩን። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ፀጉሬን አስተካክዬ ወጣሁ።

"ገነት፣ ጠዋት ከሥራ ስትመጪ ምንድን ነው የምታደርጊው?" አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

"ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ።"

"ከመግባትሽ በፊትስ?"

ያን ጊዜ ፊቴ ጋለ። ጠዋት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ እደውላለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቷን መውሰዷን ሳልጠይቅ አልተኛም። ጆሮዋ ስለከበደ ካልጮህኩ አትሰማኝም። ግርማን እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ደጅ እቆማለሁ፤ ኔትወርኩ ደግሞ ደህና የሚሆነው ዴል መስኮት ሥር ብቻ ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ይሁን አይሁን አስቤው አላውቅም።

ዴል በየማለዳው በእኔ ጩኸት ይነቃል። መልሶ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰባት ሰዓት እስኪሆን ጠብቆ መጋዙን ያነሳል። በተከለከለው ሰዓት የምረብሸው እኔ ነበርኩ። ለአስተዳዳሪዋ አንድ ቃል ቢተነፍስ እኛ ነበርን ከግቢው የምንባረረው።

"ለምን አልከሰስከኝም?" አልኩት።

"የታመመ ሰው ያለሽ መሰለኝ" አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ወደ አማርኛ ዞሩና አልማሩኝም። "ከሳሽ ናት ብለን መጥተን ተከሳሽ ሆነሽ ተገኘሽ። ሰው መስኮት ሥር ቆሞ መጮህ ከየት ያመጣሽው ነው? ሦስት ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ያስገተርሽው ለዚህ ነው?" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። እንባዬ መጣ። ግርማ ሽማግሌ አይቋረጥም ብሎ ጫማውን ያያል።

ዴል አንዲት ቃል አልገባውም፤ ፊቴን ግን አየ። ከወንበሩ ተነሥቶ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"እባክዎ አይቆጧት። ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ ነው የምትመጣው። ደክሟታል" አላቸው።

ጋሽ ወርቁ የተላኩበት ሰው አማላጅ ሆኖ ሲቆም አዩ። ሳቃቸውን መጀመሪያ የለቀቁት እሳቸው ናቸው፤ ቀጥሎ ሁላችንም። ይቅርታ ጠየቅሁ። እሱም ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ለእናቴ የምደውለው ከመጦሪያው መኪና ማቆሚያ ሆነ። ዴል ደግሞ መጋዙን እስከ ከሰዓት በኋላው ሁለት ሰዓት ድረስ አይነካም። እንደ ሰው መተኛት ጀመርኩ፤ ሥራዬም አልሄደብኝም።

ዛሬ ወደ ቤታችን ተመልሰናል። ጸባዬ ብዙም አልተለወጠም፤ ቶሎ እቆጣለሁ። ግን ስለ ሰው ልናገር አፌን ስከፍት፣ ዴል ከወንበሩ ተነሥቶ አጠገቤ ሲቆም ይታየኛል። ብዙ ጊዜ አፌን መልሼ እዘጋለሁ።