መዋቅሩ የማያውቀው ከበሮ

ደብረ ታቦር የባህል ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ሆኜ ስገባ፣ ጠዋት አዳራሹን የሚወለውሉት ሴትዮና ከሰዓት በኋላ ከበሮ የሚመቱልን ሴትዮ አንድ ሰው መሆናቸውን ቶሎ አላወቅሁም። እህትማማች መስለውኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድናችንን በሚያስተዳድረው የባህል ቢሮ መዋቅር ከበሮ መቺ የሚባል የሥራ መደብ የለም። ስለዚህ እትዬን፣ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው፣ በጽዳት መደብ ቀጠሯቸው። ገና ድምፃችን ያልጠራ እኛ ልጆች ዘፋኝ ተብለን የተሻለ እንበላለን፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከሠርግ ሠርግ ሲጠሩ የኖሩት እሳቸው የመወልወያ ደሞዝ! ደሜ ይፈላ ነበር። እሳቸው ግን ይስቁብኛል።

ስንሳሳት በአፋቸው አይናገሩም፤ የሚሰድቡን በከበሮው ነው። ምቱን አንዴ ሰበር ያደርጉታል፣ ያጠፋው ሰው ራሱን ያውቃል። እኔማ ስንት ጊዜ ተሰድቤበታለሁ።

አንድ ዓመት ከጥምቀት በኋላ፣ አዲስ የተከፈተ ባንክ የጽዳት ሠራተኛ ፈለገ፤ ደሞዙ የእሳቸውን እጥፍ ያህል። የቤት ኪራይ ተጨምሮባቸው ነበርና ሊሄዱ ነው ተባለ። እንደ እብድ ሆኜ ወጣቱ የቢሮ ኃላፊ ዘንድ ገባሁና እትዬ ከሄዱ ቡድን የሚባል ነገር እንደማይኖር ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። መዋቅሩ እጁን አስሮታል። ቢሆንም በሐሙሲት ገበያ ለእርከን ሥራ ሕዝቡን በዘፈን ስንቀሰቅስ የበላይ አለቆች ስለሚገኙ፣ በዓይናቸው ካዩ መደብ ይፈቅዱ ይሆናል አለኝ። ለእትዬ ስነግራቸው፣ እስቲ ይዩኝ ብለው የባንኩን ነገር እስከዚያ አቆዩት።

ሐሙሲት ገበያው ጢም ብሎ ነበር። ገና የመጀመሪያውን ዘፈን ሳንጨርስ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ድምፄ ከበጎቹ ጩኸት አላልፍ አለ፤ ሰውም ፊቱን ወደ ጤፉና ወደ ፍየሉ መለሰ። ያኔ እትዬ ከበሮውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከመድረኩ ወረዱ። መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነካ ነካ አደረጉት፣ ጎረቤት በር እንደሚያንኳኳው። አጠገባቸው ያሉት ዝም አሉ። ዝምታው ወደ እህል ተራው ሄደ፤ ቀጥሎ ወደ ከብት ተራው። ከዚያ መዳፋቸውን ለቀቁት።

አቤት! ምኑን ልንገራችሁ? ደረቴ ውስጥ ነበር የሚመታው። አንድ ሽማግሌ የበሬያቸውን ገመድ ለማያውቁት ሰው አስይዘው እየሸለሉ ገቡ። ጤፍ የምትሰፍር ሴት ቁናዋን ጥላ ትከሻዋን ለቀቀችው። ከአለቆቹም ትልቁ ኮቱን አውልቆ እስክስታ ወረደ። እኔ መዝፈኑን ትቼ ቆሜ አለቀስኩ። የሰው እጅ ይህን ያህል ማድረግ እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ዛሬም ሳስበው ይነዝረኛል።

ትልቁ አለቃ ላቡን እየጠረገ መጥቶ እጃቸውን ሳመ። ኃላፊያችንም አጋጣሚውን አላሳለፈም፤ የመደቡን ነገር አነሳ። አለቃው ከልቡ አዘነ። እንዲህ ያለ ተሰጥዖ በገንዘብ አይተመንም አለ፤ መዋቅሩ ግን ከላይ የመጣ ስለሆነ እሱም ምንም ማድረግ አይችልም።

በመኪና ስንመለስ እትዬ ያበጠ መዳፋቸውን ያሹ ነበር። እኔ አለቆቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ እረግማለሁ። በመጨረሻ ጉልበቴን መታ አደረጉኝና፣ «ተይ ልጄ፤ እልልታ ጎታ አይሞላም» አሉኝ። «ከበሮውን እኔ እወደዋለሁ። የቤት አከራዬ ግን አይወደውም።»

ሰኞ ወደ ባንኩ ሄዱ። ቢሮውም ጊዜ አላጠፋም፤ በእትዬ መደብ ወዲያው ሰው ቀጠረ። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ አዳራሹ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም። ከበሮ ግን በእጇ ነክታ አታውቅም። እኛም በዚያ በሚያብለጨልጭ ወለል ላይ ቆመን በጭብጨባ ዘፈንን።