ከቀዩ ድንጋይ ወዲያ

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አየሯ ያለቀ አንዲት የቆዳ ኳስ አለች። ቆዳዋ ተሰነጣጥቋል፣ ስፌቷም በሁለት ቦታ ተተርትሯል። በተከላካይነት ዘመኔ ያገኘኋቸውን ሜዳሊያዎች ባለቤቴ በካርቶን ከታ ቆጥ ላይ ስታወጣቸው ተውኳት፤ ኳሷን ግን አላስነካም። እንግዳ ሲመጣ የትኛው የዋንጫ ጨዋታ ኳስ እንደሆነች ይጠይቀኛል። እኔም የሆነ ዋንጫ ስም ጠርቼ አልፈዋለሁ።

ልጅ እያለሁ ከድሬዳዋ ወደ ሐርጌሳ ሄድን። አባቴ የሐርጌሳ ሰው ነው፣ እናቴ ደግሞ የድሬ ልጅ ናት። ትልቁ ጦርነት በረድ አለ ሲባል አባቴ የአባቱን ቤት ሊጠግን ተነሣ፣ እኛም ተከተልነው። ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር የጠበቀን ቤት ግን ግድግዳ ብቻ ነበር። ጣሪያውን ከነቆርቆሮው፣ በሩን ከነመቃኑ ዘርፈውታል። ላስቲክ ወጥረን ገባን። ዝናብ ሲጥል ከግድግዳው የተቃጠለ ነገር ሽታ ይነሣ ነበር፤ ዛሬም አንዳንድ ቀን እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ።

አባቴ በሶማሊኛ ሲያናግረኝ በአማርኛ እየመለስኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ የሚሉኝን እሰማለሁ፣ የምለው ግን ቶሎ አይመጣልኝም። የሰፈሩ ልጆች «ሐበሻ» ብለው ስም አወጡልኝ። ድሬ ላይ ሶማሌው ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ ሐበሻው ሆንኩ! ብቻዬን ከበራችን ፊት ተቀምጬ የውኃ ቦቴ ሲያልፍ ማየት የየቀን ሥራዬ ነበር።

ያለኝ ሀብት አጎቴ ድሬ ላይ የሰጠኝ ኳስ ነበር። በሰፈሩ ሌላ የቆዳ ኳስ አልነበረም። ከሰዓት ሲሆን ልጆቹ ደጃችን መጥተው «ሐበሻ! ኩባ!» ብለው ይጣራሉ፤ ኳሷን አምጣ ማለታቸው ነው። የሚጠሩት ኳሷን እንጂ እኔን እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ቢሆንም እሮጥ ነበር። ሜዳ ስንደርስ ማንም ወደማይፈልገው ወደ ኋላ ይሰዱኛል። ከጎላችን በስተጀርባ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ቀይ ቀለም የቀቧቸው ድንጋዮች ተደርድረዋል፣ ከቀዩ ድንጋይ ወዲያ ፈንጂ ነው። በሌላው በኩል ኳስ ብትወጣ ሮጦ የሚያመጣት አለ። በዚህ በኩል ከወጣች ግን ወጣች ነው። እናም ሌላው ተከላካይ ኳስ ማራቅ ሲማር እኔ ኳስ ማስቀረት ተማርኩ።

በረኛችን ማሃድ ይባላል። ሦስት ቤት አልፎ፣ ከአያቱ ጋር ይኖራል። በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ ስላደገ ስብርብር ያለች አማርኛ ይችላል። የወንድሙን የላስቲክ ጫማ እንደ ጓንት እጁ ላይ አጥልቆ ከኋላዬ ይቆምና ኳስ በመጣ ቁጥር «ተወው፣ አለሁ!» ይለኛል። በዚያ ከተማ ከእናቴ ሌላ በአማርኛ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር። የአያቱን ፍየሎች ይጠብቃል፤ ፍየሎቹ ከቀዩ ድንጋይ ወዲያ ገብተው በደህና ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አይቷል። ፍየል የረገጠችውን እየረገጡ መግባት ይቻላል ይላል። አያቱ ግን ይህን ሲናገር በሰማችው ቁጥር በከዘራዋ ትለው ነበር።

አንድ ቀን ከእኛ ሁሉ የሚበልጥ ፈጣን ልጅ ኳሷን እየገፋ መጣብኝ። ማሃድ ከኋላዬ «ተወው፣ አለሁ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ደነገጥኩና በሙሉ ጉልበቴ ለጋኋት። ኳሷ ወደ ኋላ፣ ከጎላችን በላይ አልፋ ከቀዩ ድንጋይ ወዲያ ነጠረች። ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን። ምንም አልፈነዳም። ቀና ስንል አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ቆማ በግልጽ ትታያለች። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከማግስቱ ጀምሮ ደጃችን መጥቶ የሚጣራ ጠፋ። የሚመጣው ማሃድ ብቻ ነበር፤ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ጥፋቴንም አንሥቶብኝ አያውቅም። በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ብስጭቴን እሱ ላይ ተወጣሁት።

«ፍየሎቹ መንገዱን ያውቃሉ ትል የለ? ለምን አታመጣትም ታዲያ? ፈሪ!»

«አያቴ ታለቅሳለች» አለኝ። ቀስ ብሎ ተነሣና ሄደ።

እናቴ ከውስጥ ሰምታናለች። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ልጄ» አለችኝ። «ሂድ አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቀው፣ አፉ በለኝ በለው፣ ያ አላህ!» እኔ ግን አኩርፌ ነገ እሄዳለሁ አልኳት።

በነጋታው ከኤርፖርት በኩል ተኩስ ተከፈተ። አብሮ የኖረ ጎረቤት በጎሳ በጎሳ እየተለየ ዕቃውን መጫን ጀመረ። አባቴ ሁለት ቀን ከቤት እንዳንወጣ ከለከለን። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጋብ ሲል በሩ ላይ የሰቀልነውን ጆንያ ገለጥኩት። ኳሷ ደፉ ላይ ተቀምጣለች።

በባዶ እግሬ ወደ ማሃድ ቤት በረርኩ። ቤቱ ወና ነው፣ ፍየሎቹም የሉም። የጎረቤት ሴትዮ ጎህ ሳይቀድ በጭነት መኪና መሄዳቸውን ነገረችኝ። ወዴት ስላት «አላህ ያውቃል» አለች። ከዚያ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ከቀዩ ድንጋይ ወዲያ፣ ትናንት በዘነበበት ጭቃ ላይ፣ የፍየል ኮቴ እየተከተለ የሚሄድ የባዶ እግር ዱካ አየሁ። እስከ ቁጥቋጦው ይገባል፣ ይወጣልም። ደጋግሜ መውጫውን አየሁት። እናቴ ልትገርፈኝ አርጩሜ ይዛ ደረሰች፤ የማየውን ስታይ አርጩሜውን ጥላ አቀፈችኝ። በሳምንቱ እኛም ወደ ድሬ ተመለስን።

ድሬ ላይ አድጌ ለክለብ ተጫወትኩ፣ እንጀራዬም ሆነ። ኳስ ወደ ውጭ መትቶ ማውጣት ግን እግሬ አሻፈረኝ አለ። አሰልጣኞቼ «አውጣው!» እያሉ ድምፃቸው ተዘጋ። ደጋፊው አንዳንዴ አርቲስት ይለኛል፣ አንዳንዴ ጉረኛ። በመጨረሻው ጨዋታዬ አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ባለቀ ሰዓት፣ ስታዲየሙ በሙሉ «አውጣው!» ሲል ላስቀራት ስታገል ተነጠቅኩና ገባብን። መልበሻ ቤት ጫማዬን ፈትቼ ከሁሉም በፊት ወጣሁ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? አንድ ቀን ኳስ አውጥቼ ጓደኛዬን ፈንጂ ውስጥ ከትቼዋለሁ ይባላል?

ባለፈው ዓመት ሐርጌሳ ሄድኩ። ፈንጂው ተነሥቷል፣ ከቀዩ ድንጋይ ወዲያ የነበረው ቦታ ዛሬ የሞባይል ሱቅና የሻይ ቤት ነው። ማሃድን ጠየቅኩ፤ «የትኛው ማሃድ?» አሉኝ፣ የአባቱን ስም እንኳ አላውቅም። በቀረችው ጥቂት ሜዳ ላይ ልጆች ይጫወታሉ። አንዱ እንደ ዋዛ ጠለዛትና ኳሷ መንገድ ተሻግራ እግሬ ሥር ቆመች። እንድመልሳት ጮሁ። አንሥቼ በሁለት እጄ ይዤ ወሰድኩላቸው፤ መምታት የማይችል ሽማግሌ አገኘን ብለው ተሳሳቁብኝ።

ድሮ ጎላችን በነበረበት በኩል ቆሜ ትንሽ አየኋቸው። አፉ በለኝ የምለው ሰው ዛሬ በየትኛው አገር እንዳለ፣ መኖሩንም አላውቅም። እናቴ ሂድ ባለችኝ ቀን በመካከላችን ሦስት ቤት ብቻ ነበር።